እርከን የሠሩ ልጆች

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ገበያዎች አንድ ወሬ ከበርበሬ ተራ እስከ ከብት ተራ ይዞር ነበር፤ መሬት ሊለካ ነው የሚል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አዲስ አበባ ላሉት ሹማምንት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ለዳሞት ገበሬ ግን የርስት ጉዳይ ሆነበት። ገማቹ ዛሬ ማሳ ውስጥ ገብቶ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ብሎ ከጻፈ፣ ነገ ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ገመድ የነካው መሬት ደግሞ በአንድ ሰው ስም ይመዘገብና የዘር ርስትነቱ ያከትማል ብሎ ሠጋ። ጎጃም ከዚያ ቀደምም የመሬት ልኬታን ገፍቶ መልሷልና ሥጋቱ እንግዳ አልነበረም።

በፊት ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ያኔ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚህ አውራጃ፣ ከሞጣና ከቢቸና የተነሣው አመፅ ወራት ፈጀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማርቶ መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን የገበሬ አመፅ ይሉታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ገበሬው ልጆች ነው። በርስት አገር የ18 ዓመት ልጅ በእጁ መሬት የለውም፤ የመሬት ተስፋ ግን አለው። በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ፊት ቆሞ ድርሻዬን ስጡኝ ሊል ይችላል። ሊያገኘውም ላያገኘውም ይችላል፤ መሟገት ግን መብቱ ነው። አባቶቹ ጠመንጃ ያነሡለት ይህ ተስፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድሳ ዓመት ገደማ በምዕራብ ጎጃም ስለ ወጣቱ፣ ስለ ሰላምና ስለ አፈር የተደረገው ሁሉ በዚህ ተስፋ ዙሪያ ይሽከረከራል። ተስፋው የተጠበቀለት ወጣት አፈሩን ጠበቀ። ተስፋው የተነጠቀበት ደግሞ ወይ ተሰደደ ወይ ጫካ ገባ።

ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የዘማች ልብስ ለብሰው ወደ ገጠር ወረዱ። አብዛኞቹ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለሉ ነበሩ። መንግሥት ወጣቱን በጅምላ ለገጠር ልማት ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል፤ ጥሪውም ከቤተ መንግሥት ወደ ታች የመጣ ነበር። ዘማቾቹ ገና ከመድረሳቸው የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ።

በደቡብ ያለ ጭሰኛ አዋጁን በእልልታ ተቀበለው፤ የባለመሬት ቀንበር ወርዶለታልና። የጎጃም ባለርስት ግን ቀድሞውንም ጭሰኛ ስላልነበረ ዘማቹን በጥርጣሬ ዐይን አየው። ከከተማ የመጣ፣ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የአያቶቼን ርስት ሊሽር መጣ ማለት ነው ለእሱ። በእርግጥም አዋጁ የዘር ቆጠራን ዘጋው። ከእንግዲህ መሬት የሚገኘው ከገበሬ ማኅበር ነው፤ ጎጆ የወጣ ወጣት ስሙን ያስመዘግባል፣ ሽግሽግ ሲደረግ ይደርሰዋል። ወጣቱ ሽማግሌ ፊት መሟገቱን ትቶ የማኅበር ሊቀመንበር ደጅ መጥናት ያዘ። ደጁ ከባድ ቢሆንም አልተዘጋም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሥፋት ያልተነገረ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በ1973 ዓ.ም. ገደማ የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የሚባል ሥራ ጀመረ። ከጣቢያዎቹ አንዱ በ1976 ዓ.ም. ከደንበጫ በስተሰሜን አንጀኒ በተባለች ቀበሌ ተተከለ። ቦታው የምንቸት ወንዝ የሚነሣበት 113 ሄክታር ተፋሰስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያልፋል፤ በዓመትም ከ1600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። በዚያው ዓመት ወሎና ትግራይ በድርቅ ይጠበሱ ነበር። የጎጃም ጭንቅ ግን ሌላ ነበር፤ እዚህ ዝናቡ አይቀርም፣ ሲመጣ ግን አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ያን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀይ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ጤፍ ሲዘራበት ደግሞ መሬቱ ልሞ ስለሚታረስ በሐምሌ ዶፍ ይታጠባል። ገበሬው ውሃውን ለማስወጣት በማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የዓመቱን ዘር ያድናል፤ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ግን ከታች ቦረቦር ይወልዳል። ከደንበጫ እስከ ቡሬ፣ ከሰከላ እስከ ቋሪት የሚታየው ቦረቦር እንዲህ የተወለደ ነው። ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሣው ውሃ ክረምት ላይ ቀልቶ የሚወርደውም ለዚሁ ነው።

በአንጀኒ መጀመሪያ የተሠራው ልኬታ ነው። የዝናብ መለኪያ ተተከለ፤ በወንዙ መውጫ ላይ ውሃውና ደለሉ የሚለካበት ጣቢያ ተሠራ። ዶፍ ሲወርድ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወጥቶ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ሰዓቱን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሥራውን የሠሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ዓለም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብዙም በማያወራበት ጊዜ፣ የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ከመፈረሙ ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ በደንበጫ ገጠር የየዕለቱ ዝናብና የየዶፉ ደለል መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ዛሬ የዓባይን ተፋሰስ የሚያጠኑ ብዙ ተመራማሪዎች፣ አሜሪካም ይሁን አውሮፓ፣ የአንጀኒን መዝገብ ይገልጣሉ።

በ1978 ዓ.ም. በበጋው የተፋሰሱ ገበሬዎች እርከን ሠሩ። ፋንያ ጁ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በተዳፋቱ አግድም ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይወረወራል፣ ይከመራል። ዝናቡ ያመጣው ደለል ከክምሩ በላይ እየተኛ በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ይለውጠዋል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቁፋሮው ግን የጉልበት ሥራ ነው፤ በአንድ በጋ መቶ ሄክታር የሚያህል አገር በዶማና በአካፋ መቁረጥ የጎረምሳ ክንድ ይጠይቃል።

ቶሎ የተገኘ ጥቅምም አልነበረም። እርከኑ ከማሳው ላይ ቦታ ወሰደ። ከክምሩ በላይ ውሃ እየቋጠረ ጤፉን አበሰበሰ። ፍልፈልና አረም መጠለያ አገኙ። በሬ ማዞር ተቸገረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ከፍ አላለም። በሌሎች አካባቢዎች ደርግ ሲወድቅ ገበሬው በግዳጅ የተሠራውን እርከን በቁጣ አፈረሰው። አንጀኒ ላይ ግን ብዙው ቆየ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ተዳፋቱ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። ለምን ቆየ ቢባል የእኔ መልስ ይህ ነው፦ እዚያ ምርምሩ ከገበሬው ጋር ስለኖረ፣ ምን እንደሚጎድል ስለተጠየቀ፣ እርከኑን የቆፈረው ልጅም በዚያው ማሳ ላይ አርሶ ስለበላ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የካቲት የኢሕአዴግ ጦር የቴዎድሮስ ዘመቻ ብሎ በሰየመው ግፊት ጎጃምን ያዘ። የሽግግሩ ጊዜ ዘመቻም ልኬታም የተዳከመበት ነበር፤ እሱን አልፈን ወደ 1989 እንሂድ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥልጣን ይዘው የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ የፊውዳል ቅሪት እየተባሉ ከአንድ ሄክታር በላይ ያለው ይዞታቸው ተነጥቆ ለሌሎች ተሰጠ። ጎጃም ተናወጠ። መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎች ለአቤቱታ እስከ አዲስ አበባ ተጓዙ። ሚዛናዊ ለመሆን ይህም ይነገር፦ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶችና ሴቶች በዚያ ሽግሽግ የመጀመሪያ ጥማዳቸውን አግኝተዋል። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ የነበረ፣ ዕድሉ ከደረሰው፣ ዛሬ የልጆች አባትና ባለይዞታ ነው።

በዚያ ዓመት የተወለደው ልጅስ? በምዕራብ ጎጃም ከ1989 ወዲህ አጠቃላይ ሽግሽግ አልተደረገም። ይዞታ በደብተር ተመዘገበ፤ ገበሬውም ነገ ይወሰድብኛል ከሚል ሥጋት በመጠኑ ተገላገለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የክልሉ የ1998 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቁጥር 133 ሽግሽግ እንዲደረግ የአብዛኛውን ባለይዞታ ፈቃድ፣ ማለትም ሰማንያ በመቶውን ይጠይቅ ነበር። ባለይዞታ ደግሞ ከይዞታዬ ይቆረስ ብሎ እጅ አያወጣም። የባለመሬቱ ዋስትና ለመሬት አልባው የተዘጋ በር ሆነ ማለት ነው። በ1989 የተወለደ ልጅ በ2007 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞላው። በርስቱ ዘመን ቢሆን ዘር ይቆጥራል፤ በደርግ ዘመን ቢሆን ደጅ ይጠናል። በእሱ ዘመን ያለው አባቱ ከሄክታር ባነሰች መሬት ላይ የሚያበቅለውን በቆሎ ከወንድሞቹ ጋር መካፈል ነው። አለዚያ ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ መውረድ፣ ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ መሄድ፣ ወይ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የቀን ሥራ መፈለግ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመላ አገሪቱ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አወጀ። ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ የገጠሩ ሕዝብ በየልማት ቡድኑ ተሰልፎ ለሳምንታት ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል። ቀያሽ ገበሬ በውሃ ልክ መስመሩን ያወጣል፤ ጎረምሶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶች ድንጋይና አፈር ይሸከማሉ፤ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትርና በጋቢዮን ይታሰራል። ክረምት ሲገባ ሰስባንያ፣ ሉሲኒያና ደሾ ሣር ይተከልበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ ከኮሌጅ የወጣ የሃያ ሁለት ወይ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ በሞተርም በእግሩም ከጎጥ ጎጥ እየዞረ ሽማግሌዎችን ያግባባል። ስለዚህ ሥራ ሲወራ የሠራተኛው ስም ሳይነሣ መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አካፋ ይዞ ከሚሰለፈው ወጣት አብዛኛው መሬት የለውም። የሚያድነው የአባቱን ወይ የጎረቤቱን ማሳ ነው። ታዛዥ ነው፤ ይወጣል፣ ይቆፍራል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ግን እርከኑን ማን ይጠግነው የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ከብት ይለቀቅበታል፣ ክምሩ ይናዳል፤ በዓመቱ እንደገና ይቆፈራል። ቁጥሩ በየዓመቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይላካል፤ የተሠራው ኪሎ ሜትር እንጂ የቆየው ኪሎ ሜትር አይጻፍም።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን አንድ የተለየ መንገድ ተሞከረ። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም በሁለተኛው ምዕራፉ፣ ከ2006 ዓ.ም. በኋላ፣ ተራቁቶ የቀረ የወል መሬት ለመሬት አልባ ወጣቶች ቡድን እንዲሰጥ ፈቀደ። ስምምነቱ ግልጽ ነው፦ ወጣቶቹ ኮረብታውን ከከብት ይከልላሉ፣ እርከን ይሠራሉ፣ ይተክላሉ፤ በምትኩ ሣሩን ያጭዳሉ፣ ዘመናዊ ቀፎ ይሰቅላሉ፣ በግና በሬ ያደልባሉ፣ መሬቱንም የመጠቀም መብታቸው በጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ኮረብታው የእነሱ አልሆነም፤ በኮረብታው ላይ ግን ድርሻ አላቸው።

ሰላም የሚባለው ነገር በሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የወል መሬት የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው፤ ከብት ያለው ሁሉ ከአያቶቹ ጀምሮ ያሰማራበታል። ሃያና ሠላሳ ወጣቶች መጥተው ይህ ከዛሬ ጀምሮ ተከልሏል ሲሉ ጠብ ይነሣል። ከብት ታግቶ ይታሠራል፣ ዱላ ይመዘዛል። በጎጃም ደግሞ የዱላ ጠብ በዱላ ላያበቃ ይችላል፤ ነፍስ ከጠፋ ደም መመለስ ይመጣል፣ ሁለት ቤተሰብ ዓመታት ሙሉ ገበያ ለገበያ ይተላለፋል። ስለዚህ ቡድኑ ቀፎ ከመስቀሉ በፊት ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ውስጠ ደንብ ይጻፋል። የገባ ከብት ስንት ብር እንደሚያስቀጣ፣ ሣሩ በየትኛው ወር እንደሚታጨድና ለባለከብቱ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ፣ ድሃ የሆነች ባልቴት ያለ ክፍያ ስንት ሸክም እንደምትወስድ ይወሰናል። ደንቡ ሲጻፍ ወጣቱ ከሽማግሌ እኩል ይቀመጣል። በልማዱ ሽምግልና የሽበት ነው፤ ወጣት የሚጠራው ተበዳይ ወይ በዳይ ሆኖ ነው። እዚህ ግን ባለጉዳይም ዳኛም ሆኖ ገባ።

ሁሉም ቡድን አልሰመረም። ቀፎ ወስዶ የተበተነ አለ፣ ሊቀመንበሩ የበላው አለ፣ ከብት አሳዳሪ ያሸነፈው አለ። ዛሬም አረንጓዴ ሆነው የቀሩ ኮረብቶች ያሉት ግን ባለድርሻ ባለበት ቦታ ነው፤ ከዚህ የተለየ ቀመር አላየሁም።

በኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 2250ን አጸደቀ። ወጣቶች በሰላም ድርድርና ውሳኔ ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው መንግሥታትን የሚያሳስብ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ወሬውን የሰማ ወጣት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ በባሕር ዳሩ ሰልፍ ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ብዙዎች ሞቱ። ከዚያ ተቃውሞው ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ወረደ። መንገድ ላይ የወጣው በአብዛኛው በ1989 ሽግሽግ ሳይወለድ ወይም ሕፃን ሳለ ያመለጠው ትውልድ ነበር። የጠየቀው ብዙ ነገር ነው፤ ማንነት፣ ፍትሕ፣ እሥረኛ ይፈታ። መሬትና ሥራ ግን በሁሉም ውስጥ ነበሩ። መንግሥት በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ብዙ ወጣቶች ተይዘው ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በብር ሸለቆ የጦር ማሠልጠኛ «ተሐድሶ» እንዲወስዱ ተደረገ። በዚያው ዓመት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። አንዱ እጅ ሲያሥር ሌላው እጅ ብድር ዘረጋ፤ ተቀመጥና እንነጋገር ያለው ግን አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች በመጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ለጎጃም በቆሎ ደረሰ። ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የሚኖሩት በበቆሎና በበርበሬ ነው። መድኃኒቱ ስላልበቃ ተምቹ ከቅጠሉ እምብርት በእጅ ተለቀመ፤ ተማሪና ወጣት እየወጣ ረድፍ በረድፍ ለቀመ። ከወራት በፊት ጠርጣራ ዐይን የተከተለው ያው ወጣት ነው የአገሩን በቆሎ ያዳነው።

በነሐሴ 2010 ስዊድን ውስጥ ግሬታ ቱንበርግ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ትታ ፓርላማ ደጃፍ ተቀመጠች። በመጋቢት 6 ቀን 2011 ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ሲሉ ለአንድ ቀን ክፍል ጥለው ወጡ። እኛ ዘንድ የዚያ ዓመት ጥሪ የመጣው ከመንግሥት ነው፤ አረንጓዴ ዐሻራ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ላይ ከተገደሉ ገና ወሩ አልፎ ነበር። በምዕራብ ጎጃምም የየትምህርት ቤቱ አካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣት፣ ሰንበት ተማሪው ችግኝ ይዞ ወጣ። ወጥቶ መትከሉ መልካም ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የሚቆረቁረኝ ያው የቆየው ነገር ነው፦ ተከላው ቀን አለው፣ ውሃ ማጠጣቱና መጠበቁ ግን ባለቤት አልተሰጠውም።

ቡሬ በእነዚያ ዓመታት ሌላ ፊት ነበራት። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተገነባ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 260 ሄክታር ገደማ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩም፣ ከተማዋ ውስጥ የተሠራው የፌቤላ ዘይት ፋብሪካም ተመረቁ። በቡሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የሚማረው ወጣት ከጥማድ መሬት ሌላ ኑሮ ሊኖር እንደሚችል አየ። ተስፋው እውነተኛ ነበር። ጊዜው ግን አልጠበቀውም።

በጥቅምት 2013 መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ተነሣ። የጎጃም ወጣት ለዚያም ተጠራ፤ ሄደ፣ ብዙውም አልተመለሰም። በእነዚያው ዓመታት ወለጋ ውስጥ በአማራ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተፈናቀሉ ሰዎች ዓባይን ተሻግረው ወደ ቡሬ መጡ። መሬት ፍለጋ የሄደ አባት ልጆቹን ይዞ ባዶ እጁን ወደ ወጣበት አገር ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። መጋቢት 28 ቀን መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን እንደሚያፈርስ አስታወቀ፤ አማራ ክልል ተቃወመ። ክረምቱ ሲገባ ማዳበሪያ ጠፋ፤ የጎጃም ገበሬ ዘር ወቅቱ እያለፈበት አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ ሄደ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመከላከያና ፋኖ በሚባሉት ታጣቂዎች መካከል ውጊያው ከተሞች ውስጥ ገባ።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም መሃል ላይ የድሮን ጥቃት ነው የተባለ ፍንዳታ ደረሰ። ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የጤና ባለሙያዎች ለዜና አውታሮች ተናገሩ። ጥር 20 ቀን 2016 በዚሁ አስፋልት ላይ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ መራዊ ከተማ፣ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋገጠ። በታጣቂዎች በኩልም ባለሥልጣናትና መምህራን ተገድለዋል፤ ተማሪ አታስተምሩ የተባሉበት ቦታ ብዙ ነው።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ሌላ አገር ልጆች ስለ ምድራቸው ሲሉ ለአንድ ቀን ክፍል ይተዋሉ፤ የእኛዎቹ በየዓመቱ ክፍሉ ራሱ ይዘጋባቸዋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወደ ቀበሌው መውጣት አልቻለም። ጥርና የካቲት ላይ ቀያሹ ውሃ ልክ ይዞ የሚወጣበት መስመር የጦር ቀጠና ሆነ። የተከለለ ኮረብታ ከላላ ከብት ይገባበታል፤ መብራትና መንገድ ሲቋረጥ ከሰል ለሚያከስለው ገበያው ይደራል፤ በአሥር ዓመት የበቀለው በአንድ በጋ ይቆረጣል። ክትሩ ሳይጠገን ሁለት ክረምት ካለፈው ቦረቦሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ጦርነት የአየር ንብረት ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ የጎጃምን ክትር ይቁጠር።

ከዚህ ሁሉ መሃል የተደረጉ ሙከራዎችም አሉ። በሰኔ 2016 ባሕር ዳር ላይ በተደረገ ጉባኤ መንግሥትንና ታጣቂዎችን ለማነጋገር የሰላም ካውንስል ተቋቋመ። በ2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል አጀንዳ ሰበሰበ። ሁለቱም ወጣቶች አሉን ይላሉ። እኔ ከአንጀኒና ከየኮረብታው ቡድን የተማርኩትን ይዤ ስመለከታቸው የምጠይቀው ስንት ወጣት አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ የሚለውን አይደለም፤ ውስጠ ደንቡን ሲጽፉ እጃቸው ነበረበት ወይ የሚለውን ነው። የሚተኩሰውም የሚተኮስበትም በአብዛኛው ከ1989 ወዲህ የተወለደ ነው፤ እሱ ያልጻፈው ደንብ እሱን አያስርም።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። በኅዳር 2018 ደግሞ ብራዚል ቤሌም ላይ በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ኢትዮጵያ 32ኛውን ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመረጠች፤ ጊዜው በአውሮፓውያኑ 2027፣ በእኛ 2020 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከፍኖተ ሰላም በአስፋልት 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን የአንድ ቀን ጉዞ። ነሐሴ 2015 ከተማዋ በተመታችበት ጊዜ 14 ዓመቱ የነበረ ልጅ ያ ጉባኤ ሲከፈት 18 ይሞላዋል፤ በክልሉ አዋጅ የገጠር መሬት ለመያዝ የሚበቃበት ዕድሜ።